«ክንድ ላይ የታሠረ ጨርቅ» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «አንብበውና እስቲ ተናደድ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። አነበብኩት፤ እንዳለውም ተናደድኩ። ጽሑፉ ስለ እግር ኳስ ነው። ፍሬ ነገሩ ሲጨመቅ፣ የነባር ተጫዋች መሪነትና ጠባይ የሚባለው ነገር የቀድሞ ተጫዋቾች ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጠው የሚያወሩልን ተረት ነው የሚል ነው። የዛሬ ኳስ በጉልበት፣ በፍጥነትና በአሰልጣኙ ሰሌዳ ያልቃል፤ አምበልነትም «ክንድ ላይ የታሠረ ጨርቅ» ነው ይላሉ ጸሐፊው። ለማስረጃ የፓሪስ ሴንት ዠርሜንን የ2025 ድል፣ የ1995ቱን አያክስና የማንቸስተር ዩናይትድን «ሕፃናት» ይጠራሉ። መሪነት በቁጥር አይለካም፣ ነባር ተጫዋች የወጣቱን ቦታ ይዞ ይቀመጣል የሚሉ ነጥቦችም አሏቸው። ማሳረጊያቸው አገር ቤት ነው፦ ዋልያዎቹ ከ30 ዓመት በላይ የሆነውን ሁሉ አሰናብተው ከዜሮ ይጀምሩ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ብዕራቸው ግን ያምራል፤ ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝም እሱ ነው። ወዳጄን ጨምሮ ሦስት ሰው «እውነቱን ነው እኮ» ሲል ሰምቻለሁ። እንግዲህ ነጥብ በነጥብ እንሂድ። (ዓመቶቹን የኛ ነው ካላልኩ በቀር እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።)

ከጠንካራው ነጥባቸው ልነሣ። ሜይ 31 ቀን 2025 ሙኒክ ላይ፣ በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ፓሪስ የጣሊያኑን ኢንተር 5 ለ 0 ደቆሰው። በዚህ ዋንጫ የፍጻሜ ታሪክ እንዲህ ያለ ልዩነት ታይቶ አያውቅም። ሁለት ጎል ያገባው ዴዚሬ ዱዌ 20 ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። አምስተኛዋን ያስቆጠረው ማዩሉም የ19 ዓመት ልጅ ነው። በወዲያኛው ወገን አቸርቢ 37፣ ሚኪታሪያን 36፣ በረኛው ዞመር 36። ጸሐፊው «ሽማግሌዎቹ ሲንገዳገዱ ዓለም አየ» ብለዋል። እኔም አይቻለሁ፤ አልክድም። ኳስ ከምናይበት ቤት አንድ የኢንተር ወዳጅ ገና እረፍት ሳይወጡ የሻይውን ከፍሎ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ችግሩ ጸሐፊው ቴሌቪዥናቸውን የከፈቱት የፍጻሜው ዕለት ይመስላል። ከዚያ 25 ቀን ቀደም ብሎ በግማሽ ፍጻሜው፣ በኢንተር ሜዳ ሳን ሲሮ ላይ ምን እንደሆነ አላነሡም። ኢንተርና ባርሴሎና የመጀመሪያውን ጨዋታ 3 ለ 3 ወጥተው ነበር። በመልሱ ኢንተር 2 ለ 0 መራ፤ ባርሳ ሁለቱን መለሰ፤ 87ኛው ደቂቃ ላይ ራፊንያ ሦስተኛውን አገባ። አለቀ አልን። በባከነው ሰዓት የ17 ዓመቱ ላሚን ያማል የመታት ኳስ የግቡን ብረት ነክታ ተመለሰች። እሷ ብትገባ ኖሮ የኢንተር ነገር እዚያው ያከትም ነበር። ወዲያው በወዲያኛው ጫፍ ዱምፍሪስ ከቀኝ ኳስ አሻገረ። መሀል አጥቂው ቦታ ላይ ማን ቆሞ ቢገኝ ጥሩ ነው? አቸርቢ! የመሀል ተከላካይ! በ2013 ካንሰር ታሞ ከሕክምና ወደ ሜዳ የተመለሰው፣ በአውሮፓ ውድድር ከዚያ በፊት አንድም ጎል ያላገባው፣ በግራ እግሩ የሚጫወተው የ37 ዓመት ሰው በማያምንባት ቀኝ እግሩ ከላይኛው መረብ ጋር አገናኛት። በ93ኛው ደቂቃ። ኢንተር በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 3 አሸንፎ ሙኒክ ገባ።

ያን ጊዜ አቸርቢን ወደፊት የላከው የጡንቻ ጉልበት አይደለም፤ ሜዳ ላይ ከነበሩት ከአብዛኞቹ ያነሰ ጉልበት ነበረው። «ከዚህ የባሰ አይቻለሁ» የሚል ሰው ነው እንዲህ የሚሄደው። ፍጻሜው ላይ መሸነፋቸው ይህን አይፍቀውም። ሽማግሌዎቹ ባይኖሩ ኢንተር ሙኒክ ደርሶ 5 ለ 0 የመሸነፍ ዕድልም አያገኝም ነበር።

ፓሪስስ? የወጣት ቡድን ነው፤ እውነት ነው። ዋንጫውን መጀመሪያ ያነሣው ግን ማነው? ማርኪኞስ፣ 31 ዓመቱ፣ በ2013 የመጣ። ይህ ሰው በ2017 ካምፕ ኑ ላይ በባርሴሎና 6 ለ 1 ሲሸነፉ ሜዳ ውስጥ ነበር። በ2020 ሊዝበን ላይ በፍጻሜው በባየርን ሲሸነፉ ነበር። በ2022 ማድሪድ ላይ ኳሷን ሊያጸዳ ብሎ ለቤንዜማ ሦስተኛ ጎል ያመቻቸው ራሱ ነው። ሜሲ፣ ኔይማርና እምባፔ በተራ ሲሄዱ እሱ እዚያው ቀረ። ዋንጫውን በበሉበት ዓመት ገና በመጀመሪያው ዙር ሊወድቁ አንድ ሐሙስ ቀርቷቸው፣ ጃንዋሪ ላይ ማንቸስተር ሲቲ በገዛ ሜዳቸው 2 ለ 0 መርቷቸው ነበር፤ 4 ለ 2 አሸነፉ። ዱዌ እንደዚያ ተዝናንቶ የሚጫወተው ከኋላው የሚደነግጥለት ሰው ስላለ ነው። ልጁ መደንገጥ አላስፈለገውም፤ ማርኪኞስ የስምንት ዓመቱን ድንጋጤ በሙሉ ጨርሶለት ነበር።

አያክስን ጸሐፊው ባያነሡት ይሻላቸው ነበር። በ1995 የቪየናውን ፍጻሜ ያሸነፈችውን ጎል ያገባው ፓትሪክ ክላይቨርት 18 ዓመቱ ነበር፣ ሴዶርፍ 19፣ ካኑ 18፤ ትክክል። ጽሑፉ እዚህ ላይ ይቆማል። ኳሷን ለክላይቨርት ያደረሰው ግን ማን ነበር? ፍራንክ ራይካርድ፣ 32 ዓመቱ፣ የመጨረሻ የውድድር ዓመቱ። ታዲያ ራይካርድ ያንን ሜዳ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1990፣ እዚያው ቪየና፣ እዚያው ስታዲየም፣ ለሚላን ተሰልፎ ቤንፊካ ላይ የዋንጫዋን ብቸኛ ጎል ያገባው እሱ ነው። አሁን በወዲያኛው ወገን የቆመውም ያው ሚላን ነው። አምበሉ ዳኒ ብሊንድ ደግሞ 33 ዓመቱ። አሰልጣኙ ቫን ሃል እነዚህን ሁለት ሰዎች ያስቀመጣቸው ለጌጥ አልነበረም፤ አንዱን ከተከላካዩ ልብ ላይ፣ ሌላውን ከፊቱ አቆማቸው። ልጆቹ በግራና በቀኝ እንደ ልባቸው የሮጡት መሀሉ ላይ ምሰሶ ስለነበረ ነው።

በዓመቱ አያክስ እንደገና ፍጻሜ ደረሰ፣ ሮም ላይ። ልጆቹ አንድ ዓመት በስለዋል፣ ብሊንድም አለ፤ ራይካርድ ግን ኳስ አቁሟል። 1 ለ 1 አልቆ በመለያ ምት ጁቬንቱስ ወሰደው። ራይካርድ ቢኖር ያሸንፉ ነበር ብዬ አልምልም። ጸሐፊው ግን «ልጆች ብቻቸውን የሠሩት ታሪክ» ያሉት ዓመት ራይካርድ የነበረበት ዓመት መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

የዩናይትድ ነገር ደግሞ የበለጠ ይገርመኛል፤ ሰው ሁሉ ግማሹን ብቻ ነውና የሚያወራው። ኦገስት 1995፣ ዩናይትድ በመክፈቻው በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ተሸነፈ። የቀድሞው ተጫዋች አለን ሃንሰን ቢቢሲ ላይ ወጥቶ «በሕፃናት ምንም ማሸነፍ አይቻልም» አለ። ዓመቱ ሲያልቅ ዩናይትድ ሊጉንም የኤፍኤ ዋንጫውንም ደርቦ በላ። ከዚያ ወዲህ 30 ዓመት ሙሉ ሃንሰን ሲሳቅበት ይኖራል። ጸሐፊውም ስቀውበታል።

እኔ ግን እላለሁ፦ ሃንሰን የተሳሳተው የቡድኑን ዝርዝር ሳያይ በመናገሩ ነው። ቪላ ላይ በተሸነፉበት ቀን ነባሩ አጥቂ ካንቶና አልነበረም፤ ተመልካች በእርግጫ መትቶ ቅጣት ላይ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን ተመለሰ። በረኛው ሽማይክል ነው፣ መሀል ተከላካዮቹ ብሩስና ፓሊስተር ናቸው፣ ብሩስ በዚያው የውድድር ዓመት 35 ሞልቶታል። ግራው ላይ አርዊን፣ መሀሉ ላይ ሮይ ኪን። «ሕፃናቱ» ቤካም፣ ስኮልስ፣ በትና ኔቪሎቹ የገቡት የቆመ ቤት ውስጥ ነው።

አንዷን ምሽት ብቻ ልጥቀስ። ማርች 4 ቀን 1996፣ ኒውካስል ሜዳ። ኒውካስል ጃንዋሪ ላይ በ12 ነጥብ ይመራ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ዩናይትድን እንደ ውሻ አሳደደው፤ ሽማይክል የፈርዲናንድን ኳሶች ባያወጣ ሦስት ለዜሮ ነበር የሚያርፉት። ከእረፍት መልስ የ19 ዓመቱ ፊል ኔቪል ከግራ አሻገረ፣ ካንቶና ከአየር ላይ መታ፣ 1 ለ 0። ልጁ አሻገረ፣ ትልቁ ጨረሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዩናይትድ ባደረጋቸው ስድስት ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች፣ በኒውካስል፣ በኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ፣ በአርሰናል፣ በቶተንሃም፣ በማንቸስተር ሲቲና በኮቨንትሪ ላይ፣ በእያንዳንዱ ካንቶና ጎል አለው። አራቱ ያለቁት 1 ለ 0 ነው። በኤፍኤው ፍጻሜም በሊቨርፑል ላይ በ85ኛው ደቂቃ ብቸኛዋን ጎል ያገባው እሱ ነው፤ አምበልም ነበር።

እግረ መንገዴን «መሪነት በቁጥር አይለካም» ለሚለው ነጥባቸው መልስ ሰጥቻለሁ መሰለኝ። ሁልጊዜ አይለካም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን 1 ለ 0 ተብሎ ይጻፋል።

አሁን ወደ ጨርቁ። ጸሐፊው «አምበልነት ክንድ ላይ የታሠረ ጨርቅ ነው» ሲሉ የዊልያም ጋላስን ታሪክ ጠቅሰዋል፤ እዚህ ላይ ልቤን ነክተውታል፤ አርሰናል ነኝና። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2008 በርሚንግሃም ላይ የሆነውን የኔ ዘመን የአርሰናል ደጋፊ ሁሉ የት ሆኖ እንዳየው ያስታውሳል። አርሰናል በአምስት ነጥብ ይመራል። ጨዋታው በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ የኤድዋርዶ እግር ተሰበረ፤ የሰበረው ቴይለር በቀይ ወጣ። በርሚንግሃም በ10 ሰው ቀረ። ዎልኮት ሁለት አገባ፣ 2 ለ 1 እየመራን ሰዓቱ አለቀ፣ በባከነ ሰዓት የ22 ዓመቱ ክሊሺ ሳጥን ውስጥ ጥፋት ሠራ። ፍፁም ቅጣት ምት። ማክፋደን አገባው።

ካሜራው አምበሉን ሲፈልግ አምበሉ የለም። ጋላስ ወደ ማዶው የሜዳ ክፍል ሄዶ የማስታወቂያ ሰሌዳ በእርግጫ ይመታል። ፊሽካው ተነፍቶ ሁሉም ሲወጣ እሱ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አልነሣም አለ። እኛም ቁጭ ብለን እሱን እናያለን። አጠገቤ የነበረ አንድ ጎልማሳ «ይኼ ልጅ ተነሥቶ ያንን ልጅ ማቀፍ አልነበረበትም?» አለ። ያንን ልጅ ያለው ክሊሺን ነው። በቀጣዮቹ ሦስት የሊግ ጨዋታዎች አቻ፣ አቻ፣ አቻ፤ ከዚያ በቼልሲ ሽንፈት። አርሰናል በ83 ነጥብ ሦስተኛ ወጣ፤ ሻምፒዮኑ ዩናይትድ 87 ነበረው።

ጸሐፊው «ጋላስ 30 ዓመቱ ነበር፣ ከቼልሲ ጋር ሁለት የሊግ ዋንጫ በልቷል፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ተጫውቷል፤ ታዲያ ልምዱ ምን ጠቀመ?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱ ግን እሳቸው የሰጡት አይደለም። ዕድሜ ብቻውን መሪ አያደርግም፤ ይህን እቀበላለሁ። ጢም ማብቀልና አባት መሆን ለየቅል ናቸው። የዋንጫ ብዛትም አያደርግም። ነገር ግን በዚያው ዓመት በዚያው መልበሻ ክፍል ውስጥ ጂልቤርቶ ሲልቫ ነበር። 31 ዓመቱ፣ በ2002 ከብራዚል ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሣ፣ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉን ከጨረሰው ቡድን የቀረ፣ ኦንሪ በሌለበት አምበል ሆኖ የመራ። ኦንሪ ሲሄድ ጨርቁ ለእሱ ይሰጣል ሲባል ለጋላስ ተሰጠ። ጂልቤርቶም ተቀያሪ ወንበር ላይ ዋለ። ጨርቁ ዋጋ ቢስ ቢሆን ኖሮ ማን ያስረው ማን ለውጥ አያመጣም ነበር። ያን ቀን ለውጥ ማምጣቱን እኛ በዓይናችን ያየን ነን። ጋላስ የጸሐፊው ምስክር አይደለም፤ የኔ ምስክር ነው።

በዚህ ላይ 2023ን እጨምራለሁ። ወጣቱ አርሰናል 248 ቀን ሊጉን መራ። ኤፕሪል ሲገባ አንፊልድ ላይ 2 ለ 0 መርቶ 2 ለ 2፤ በሳምንቱ ዌስትሃም ላይ 2 ለ 0 መርቶ 2 ለ 2፤ ከዚያ በራሱ ሜዳ ከሳውዝሃምተን 3 ለ 3፤ ከዚያ በማንቸስተር ሲቲ ሜዳ ኢትሃድ ላይ 4 ለ 1 ተሸነፈ። የተከላካዩ ሳሊባ ጉዳት ትልቅ ነገር ነበር፣ አልደብቅም፤ የሲቲም ጉልበት የታወቀ ነው። ግን በዚያው ሰሞን የሲቲ አምበል ምን ያደርግ እንደነበር ተመልከቱ። ጉንዶጋን 32 ዓመቱ። ሜይ 6 ሊድስ ላይ ሁለት ጎል። ሜይ 14 ኤቨርተን ላይ ሁለት ጎል፣ አንደኛዋ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ያገባት። ጁን 3 በኤፍኤው ፍጻሜ ገና በ12ኛው ሰከንድ አንድ፣ ከእረፍት በኋላ ሌላ። የቀረውን ዓመት እንዲህ ያለ አግቢ አልነበረም። ሰዓቱ ሲደርስ መጣ።

«የዛሬ ኳስ ሩጫ ነው» ስለሚለው ብዙ አልናገርም፤ ጁን 1 ቀን 2024 ዌምብሊ ላይ፣ ሪያል ማድሪድ ዶርትሙንድን ባሸነፈበት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ የ34 ዓመቱ ክሮስ የማዕዘን ምት መታ፣ የ32 ዓመቱ ካርቫኻል በግንባሩ አገባ፣ የ34 ዓመቱ ናቾ ዋንጫውን ተቀበለ፣ የ38 ዓመቱ ሞድሪች ተቀይሮ ገብቶ ጨረሰ። ዶርትሙንዶች በመጀመሪያው አጋማሽ ሲሮጡ አመሹ። ኳሱ ግን የሚሮጠውን አልመረጠም።

«ነባር ተጫዋች የወጣቱን ቦታ ይዞ ይቀመጣል» ለሚለው፣ ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ ስለሚቆጨኝ ከራሴ ልናገር። በ17 ዓመቴ ሰፈራችን ውስጥ በክረምት ውድድር ቀኝ ተመላላሽ ሆኜ እጫወት ነበር። መሀል ተከላካያችን ጋራዥ የሚሠራ ሰው ነው፤ 34 ዓመቱ ይመስለኛል፣ እኛ «ጋሼ» እንለዋለን። እሱ ሲጠራን «እናንተ ጫጩቶች» ነው። ለጨዋታ ሲመጣ እጁ ላይ ግሪስ አለ፤ ታኬታውን በማዳበሪያ ከረጢት ነው የሚይዘው። ጠዋት ጠዋት ሜዳውን ሦስት ጊዜ መዞር አይችልም። እኛ አስር ጊዜ እንዞራለን። ከኋላው እንስቅበት ነበር።

ሩብ ፍጻሜ ላይ ከታችኛው ሰፈር ጋር ስንጫወት ኳስ ወደ ኋላ አቀብላለሁ ብዬ ለአጥቂያቸው ሰጠሁት። ገባ። ሜዳው ዙሪያ ያለው ሰው በስሜ እየጠራ ሰደበኝ፤ የእናቴ ጎረቤት ሳይቀር። እግሬ ከዳኝ። ጋሼ ከመሀል ተነሥቶ ወደኔ መጣ። ይገላምጠኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ ሲደርስ ጎንበስ አለና የታኬታውን ክር ፈታ። ከዚያ ማሰር ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ አንዱን ቀዳዳ ከሌላው እያገባ። ዳኛው «ቶሎ በል!» ይላል፣ እሱ ያስራል። ቀና ሳይል «የመጀመሪያዋን ኳስ ለኔ ስጠኝ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለግክ» አለኝ። ሁለተኛውንም እግሩን አሰረ። ሲነሣ የሕዝቡ ጩኸት በርዶ ነበር። የመጀመሪያዋን ኳስ ሰጠሁት፤ እሱም መልሶ ሰጠኝ። በቃ፤ ያን ቀን ሌላ ኳስ አላበላሸሁም። 1 ለ 0 ተሸነፍን። ያቺ ስህተት አስወጥታናለች፤ ግን በሚቀጥለው ክረምት ቡድኑ ውስጥ ነበርኩ።

ጋሼ የኔን ቦታ አልያዘብኝም። እሱ ባይኖር ያ ቀን የመጨረሻዬ ይሆን ነበር።

በትልቁ መድረክ ተቃራኒውን ያየነው ጁላይ 11 ቀን 2021 ነው፤ ዌምብሊ፣ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ። በእንግሊዝ በኩል አምስተኛውን፣ የመጨረሻውን መለያ ምት እንዲመታ የተመደበው ቡካዮ ሳካ ነው፤ 19 ዓመቱ። ራሽፎርድና ሳንቾም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ለመምታት ብቻ ገብተው ሁለቱም ስተዋል። በጣሊያን በኩል ግን አቻ ያደረጋቸውን ጎል ያገባው የ34 ዓመቱ ቦኑቺ መለያ ምቱንም መትቶ አገባ፤ ከጎኑ የ36 ዓመቱ ኪየሊኒ አለ። ዶናሩማ የሳካን ኳስ አወጣ። ከዚያ በኋላ በሳካ ላይ የወረደው የዘረኝነት ስድብ የሚረሳ አይደለም። ውሳኔው የኔ ነው ብሎ አሰልጣኙ ሳውዝጌት ኃላፊነቱን ወስዷል፤ ክብር ይገባዋል። ልጁ ግን ኳሷን ይዞ ከመሀል ሜዳ እስከ ነጥቧ የሄደባት መንገድ ለ19 ዓመት ትከሻ ረዥም ነበረች። ጸሐፊው «ለወጣቱ ቦታ ልቀቁ» ሲሉ አብሮ የሚለቀቀውን ሸክም ማን እንዲሸከመው እንዳሰቡ አልጻፉም።

አሁን የቤታችን ጉዳይ። «ዋልያዎቹ ከ30 በላይ የሆነውን ያሰናብቱ» ይላሉ። (የኛ አገር ተጫዋች 30 መሙላቱ በምን እንደሚታወቅ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለዛሬ ይለፈን።)

ጃንዋሪ 2013ን እናስታውስ። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፈን ደቡብ አፍሪካ ሄድን። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው፣ አምበል ደጉ ደበበ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ነው፤ የዋንጫው ባለቤት ናቸው። ሳላዲን ሰዒድ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። እረፍት ሊወጡ ሲሉ ዛምቢያ አገባ። በ10 ሰው፣ ተመርተን፣ ግን አልወደቅንም፤ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ያን ቀን አዲስ አበባ ምን ትመስል እንደነበር ያየ ያውቃል። እኔ አንድ የማላውቀው የታክሲ ረዳት አቅፎኛል።

በአራተኛው ቀን ቡርኪና ፋሶ። 1 ለ 0 እየመሩን የእነሱ በረኛ በቀይ ወጣ። አሁን እነሱ 10፣ እኛ 11። ደስ አለን፤ ተነሥተን ቆምን። ልጆቹም ሁሉም ወደፊት ሄዱ። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፤ 10 ሰው ያለው ቡድን ሦስት ጎል ጨምሮ 4 ለ 0 አሸነፈን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት።

ለምን? ያ ቡድን ልብ ጎድሎት አይደለም፤ ዛምቢያ ላይ አሳይቷል። ችሎታም አልጎደለውም፤ የዚያን ዓመት ኳስ ቅብብላችንን ጠላትም መስክሮለታል። የጎደለው ሌላ ነው። ከእኛ 23 ልጆች መካከል ከዚያ ወር በፊት የአፍሪካ ዋንጫ ሜዳ የረገጠ አንድም አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም፣ 31 ዓመት አልፏልና። የ1982ቱ ተጫዋቾች አባት ሆነው ቤታቸው ቁጭ ብለው እንደኛው በቴሌቪዥን ያያሉ። ባላጋራ በ10 ሲቀር ወዲያው መንጋጋት እንደማይገባ፣ የጎደለ ቡድን ተሰብስቦ ጠብቆ ከኋላ እንደሚወጋ፣ ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በቁስል የሚያውቅ፣ እጁን አንሥቶ «ቀስ! ቀስ!» የሚል፣ ካስፈለገም ጎንበስ ብሎ የታኬታውን ክር የሚያስር አንድ ሰው አልነበረንም። ደጉ ጥሩ አምበል ነው፤ እሱም ግን እንደ ሌሎቹ ለመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ውድድር የተመለሱት ልጆች ያቺን 4 ለ 0 ይዘው ነው የመጡት። ውድ ዋጋ የተከፈለባት ትምህርት ናት። የጸሐፊው ምክር ምን እንደሚል አስቡት፦ አንድ ተጫዋች ይህን ሁሉ አይቶ፣ ተምሮ፣ ለታናሹ ሊነግር ሲደርስ 30 ሞላህ ብለን እናሰናብተው፤ አዲሶቹም ቡርኪና ፋሶን እንደገና ከዜሮ ይማሩት። በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ጌታነህ ከበደን የመሰለ ነባር አምበል ይዘን ሄደን ያው ከምድብ ወጣን የሚል ይኖራል፤ ወጥተናል፣ አስተናጋጇ ካሜሩን 4 ለ 1 አሸንፋናለች። በመጨረሻው ጨዋታ ግን ያቺው ቡርኪና ፋሶ መጣች። መራችን። አልተንጋጋንም፤ ጌታነህ ፍፁም ቅጣት ምቱን ራሱ ወስዶ አገባ፣ 1 ለ 1 ወጣን። ከ4 ለ 0 ወደ 1 ለ 1።

መዝጊያቸው ላይ ጸሐፊው «በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሣነው በልጆች ነው» ብለው በኛው አቆጣጠር ጽፈዋል። መንግሥቱ ወርቁ ልጅ ነበር፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ ፍጻሜ በፊት በአፍሪካ ዋንጫ ከግብፅ ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኝተን፣ ካርቱም ላይም ካይሮ ላይም 4 ለ 0 ተሸንፈናል። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ሦስተኛው ግንኙነት አዲስ አበባ ላይ ሆነ። ግብፅ 1 ለ 0 መራች፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ በደቂቃ ውስጥ መልሰው 2 ለ 1 መሩ። ሩብ ሰዓት ቀረ። ሜዳው ጸጥ አለ። በ84ኛው ደቂቃ ሁለተኛዋን ያገባልን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ከዚያ በኋላ ነው፣ በተጨማሪው ሰዓት፣ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን ያገቡት።